የዌልፎርድ ሚስት በሽታ

አቶ ገብረመድኅን የመጀመሪያዎቹን ሽማግሌዎች የመለሷቸው «የልጁ ሰባት ቤት ይቆጠርልኝ» ብለው ነው። ልጁ ሳይመን ይባላል። አባቱ እንግሊዝ፣ እናቱ እንግሊዝ፣ ድመቱ ሳትቀር እንግሊዝ ናት። የአቶ ገብረመድኅን ዘር ደግሞ ከቡልጋ ነው፤ ሁለቱ ወገኖች ከኖኅ መርከብ ከወረዱ ወዲህ የትም ተገናኝተው አያውቁም። ይሁንና አቶ ገብረመድኅን አገር ቤት ሳሉ ጠበቃ ነበሩ፤ ጠበቃ ደግሞ የሚከራከርበት ነገር ሲያልቅበት ቀጠሮ ይጠይቃል። ወሬውን ለእታለማሁ በስልክ ያደረሰችው ራሷ ልጅቱ ዝማሬ ናት፤ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ የቀረውን ግማሽ በለቅሶ። ሰባት ቤት የሚቆጠረው ዘመዳሞች እንዳይጋቡ መሆኑን ታውቃለች፤ ታዲያ አባቷ እሷንና ሳይመንን የአክስትና የአጎት ልጆች ናቸው ብለው ጠርጥረው ነው? ዛሬ ቅዳሜ ሁለተኛው ሽምግልና ነው። «እትዬ፣ ዛሬም ዳዲ ኖ ካለ ካውንስል ሄደን ሳይን እናደርጋለን፤ ማንንም አንጠራም» አለች። እታለማሁን ይህ አስደነገጣት። ልጅቱ ያለ አባቷ ምርቃት ልትዳር ነው፣ ያውም እሷ በገባችበት ሽምግልና።

እታለማሁ ሽማግሌ የሆነችው ሰው ጠፍቶ ነው። ሃያ ምናምን ዓመት የለንደንን ቀይ ባስ ስትነዳ ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት፤ ባተርሲ ከሳይመን አባት ከክላይቭ ቤት በላይ ያለው ፎቅ ላይ ትኖራለች። ሳይመን ልጅ ሳለ ቁልፍ በጠፋበት ቁጥር እሷ ቤት ቁጭ ብሎ ነው አባቱን የሚጠብቀው፤ ስለዚህ ሽማግሌ ፈልጊልኝ ሲላት እምቢ አላለችውም። ከቤተክርስቲያን ጋሽ ደምመላሽንና አቶ ሰይፈሥላሴን አገኘችለት። ዛሬ ግን አቶ ሰይፈሥላሴን ሪህ ጣላቸውና በቦታቸው እኔ ልሂድ አለች። ጋሽ ደምመላሽ በሰባ ስምንት ዓመት ዕድሜያቸው ሴት ሽማግሌ አላየሁም ብለው ተቆጡ። ሴት ባስ ነጂም አይተው እንደማያውቁ፣ ነገር ግን ስንት ክረምት ከደጃቸው አንስታ ካሰቡበት እንዳደረሰቻቸው ስታስታውሳቸው እሺ አሉ። ሦስተኛ ሰው ስለጎደለ ክላይቭ ራሱ ይቁም ተባለ።

ሽምግልናው ላይ እንዲህ የቸኮለችው ለሌላም ጉዳይ ነው። የዝማሬ እናት ሮማንወርቅ ታማለች፤ አራት ዓመት ሙሉ ቤተክርስቲያን አልመጣችም። አቶ ገብረመድኅን የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ናቸው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው «ሮማን እንዴት ናት?» ሲላቸው ወለሉን እያዩ «ያው ናት» ይላሉ። መጥቼ ልጠይቃት ሲባሉ ሰው ማየት አትችልም ይላሉ። እታለማሁም የበሽታውን ስም ጠይቃ አታውቅም፤ ክፉ በሽታ ስሙ አይጠራም። ብቻ በየሳምንቱ አንድ ፕላስቲክ ጠርሙስ ጠበል ሞልታ፣ አንገቱ ላይ ቀይ ክር አስራ ትሰጣቸዋለች፤ እሳቸውም በሁለት እጃቸው ይቀበሏታል። ዝማሬን ስትጠይቃት «እማዬ ደህና ናት» ትላታለች፤ ልጅ የእናቱን ሕመም ይደብቃል እያለች ታዝንላታለች። ዛሬ እግረ መንገዷን በሽተኛዋን አልጋዋ ድረስ ገብታ ልትጠይቅ ቆርጣለች። በቦርሳዋ አንድ ጠርሙስ ይዛለች።

ጠዋት ክላይቭ ዘሩን ሊያሳያት ወንዙ ዳር ወዳለች አሮጌ ቤተክርስቲያን ወሰዳት። የላከውን ሰው ዘር ሳላውቅ ከሰው ደጅ አልቆምም ብላ ያስጨነቀችው እሷው ናት። ክላይቭ ቧንቧ ሲጠግን የኖረ፣ ጉልበቱን የሚያመው፣ ቁጥብ ሰው ነው። አያቶቹን እስከ ሰባት አንድ ሳይስት ቆጠረላት፤ ልጅ ሳለ በየገናው ከምሳ በኋላ አባቱ ወንበር ላይ አቁመው ያስቆጥሩት ነበር። ከሰባት በላይ ያሉትን አያውቅም፤ የሚያውቀው ከሁሉም መጨረሻ ያለውን ነው፣ እሱም ግድግዳው ላይ ተንበርክኮ ይገኛል። አንቶኒ ዌልፎርድ፤ ጠበቃ፣ የፓርላማ አባል፣ ከዛሬ አራት መቶ ምናምን ዓመት በፊት የኖረ። ከድንጋይ ተጠርቦ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ አንገቱ ላይ እንደ ድፎ ዳቦ የተነፋ ነጭ ነገር አጥልቋል። ፊት ለፊቱ ሚስቱ ማርጀሪ ተንበርክካለች፤ በመካከላቸው የጸሎት ጠረጴዛ አለ። ከሥራቸው ስምንት ልጆች ተሰልፈዋል፣ ወንዶቹ ከአባት ኋላ፣ ሴቶቹ ከእናት ኋላ። የትንሹ ልጅ አፍንጫ የለም፤ ክላይቭ በልጅነቱ ኳስ ጠልዞ ሰብሮት ነው። የገዛ ዘመዱን አፍንጫ የሰበረ ሰው ይዤ ነው ለዘር ቆጠራ የምሄደው ብላ እታለማሁ ሳቀች።

ይበልጥ ያሳቃት ግን የሚስትየዋ ነገር ነው። በዚያ ዘመን እንግሊዝ አገር ንጉሥ በተለወጠ ቁጥር ሃይማኖት ይለወጥ ነበር፤ አባትየው ንጉሥ ከሮም ጳጳስ ይጣላል፣ አንዷ ልጁ ትታረቃለች፣ ሌላይቱ እንደገና ትጣላለች። ዌልፎርድ ከሁሉም ጋር አብሮ ሄደ፤ ጠበቃ ነዋ። ማርጀሪ ግን አንዴ የያዘችውን የሮም ሃይማኖት አልለቀቀችም። ይባስ ብሎ በንግሥቲቱ ቤተክርስቲያን እሑድ የማይገኝ ሰው ይቀጣ የሚል ሕግ ፓርላማ ሲቀርብ፣ ተነሥቶ ሕጉን ደግፎ የተናገረው ራሱ ዌልፎርድ ነበር። ቤቱ ሲገባ ጥፋተኛዋ እራት አቅርባ ጠበቀችው። ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ ብቻውን ይሄዳል፤ ሚስትህስ ሲሉት «ታማለች» ይላል። አሥራ አንድ ዓመት ታመመች። በታመመችበት ዘመን አራት ልጅ ወለደች። ጎረቤት ሾርባ ይልካል፣ ቄሱ ይጸልይላታል፣ እሷ ጓዳ ተቀምጣ መቁጠሪያዋን ትቆጥራለች። ዌልፎርድ ሲያረጅ ድንጋይ ጠራቢ አስመጥቶ ይህን ሐውልት አሠራ፤ በማርጀሪ እጅጌ እጥፋት ውስጥ፣ ጎንበስ ብሎ ለሚያይ ሰው ብቻ የምትታይ ትንሽ መቁጠሪያ ቅረጽልኝ ብሎ አዘዘ። ክላይቭ በጣቱ አሳያት። እታለማሁ እስኪያስላት ስትስቅ አበባ የሚያስተካክሉ አንዲት አሮጊት ዞር ብለው አዩዋት።

ወደ ካሌዶኒያን ሮድ ሁለት ባስ ቀይረው ሄዱ። ክላይቭ በአሥራ ስምንት ፓውንድ የገዛውን አበባ ታቅፎ፣ በአሥራ ስምንት ፓውንድ ድሮ ምን ምን ይገዛ እንደነበር ያወራል፤ እታለማሁ አንድ ጆሮዋን ለእሱ፣ አንዱን ለሾፌሩ ፍሬን ሰጥታ «እንዲህ አይያዝም» እያለች ታጉረመርማለች። መንገድ ላይ የሽምግልናን ደንብ አስተማረችው። ቤት ስንገባ ተቀመጡ ይሉናል፤ አንቀመጥም። ቆመን ጉዳያችንን እንናገራለን። አባትየው ካልፈቀዱ ቆመን መጥተን ቆመን እንመለሳለን። ከፈቀዱ ራሳቸው ተቀመጡ ይላሉ፣ ያን ጊዜ ልጅቱ የእኛ ናት። ክላይቭ ስለ ጉልበቱ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፤ ይህ ነገር ስንት ሰዓት ይፈጃል አለ። ጋሽ ደምመላሽን አንገትህን ዞር እያደረግህ እይ፣ እሳቸው ሳይቀመጡ እንዳትቀመጥ አለችው። ጋሽ ደምመላሽ ሙሉ ልብሳቸውን ግጥም አድርገው ከአቶ ገብረመድኅን ሕንጻ ፊት ለፊት ያለ ካፌ በር ላይ ቆመው ጠበቋቸው። ካፌው ውስጥ ዝማሬና ሳይመን የቀዘቀዘ ሻይ ፊት ለፊታቸው አስቀምጠው እጅ ለእጅ ተያይዘዋል። የዝማሬ ዓይን አብጧል። እታለማሁ በመስታወቱ በኩል በአውራ ጣቷ አይዞሽ አለቻት።

የሕንጻው ሊፍት ተበላሽቷል። አቶ ገብረመድኅን እንግዶቻቸውን ሊቀበሉ በፊት ለፊቱ ደረጃ ሲወርዱ፣ እታለማሁ ለክላይቭ ጉልበት ይሻላል ብላ በጓሮው ደረጃ ይዛቸው ወጣች። ተላለፉ። ስለዚህ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በሩን የከፈተችው ሮማንወርቅ ናት። ሞላ ብላ፣ ቀላ ብላ፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ቢጫ ቀሚስ ለብሳ። በምርኩዝ የምትመጣ ከሲታ በሽተኛ ስትጠብቅ የነበረችው እታለማሁ አበባውንም ሽማግሌነቷንም ረሳች፤ «ሮማን! ጠበሉ!» ብላ እልልታዋን አቀለጠችው። ጎረቤት በር ተከፈተ፣ የሆነ ቦታ ውሻ ጮኸ። ሮማንወርቅ በናፍቆት አቅፋ እየሳመቻት የምን ጠበል እንደሆነ ጠየቀች። እታለማሁ መልስ ሳትሰጥ፣ ኮቱን የሚሰቅልበት ያጣው ክላይቭ የኮሪደሩን ቁም ሣጥን ከፈተ። ጠርሙሶች ወረዱ። አንዱ ሌላውን እየገፋ፣ በወለሉ ላይ እየተንከባለለ፣ እስከ ኩሽና በር ድረስ ደረሱ። ሁሉም ሙሉ ናቸው፤ ሁሉም አንገታቸው ላይ ቀይ ክር አለ። አንዱም አልተከፈተም። ጠበል ቆሻሻ ውሃ በሚሄድበት አይደፋም፤ አቶ ገብረመድኅንም አልደፉትም።

አቶ ገብረመድኅን ይህን ጊዜ እያለከለኩ ደረሱ። ጠርሙሶቹን አዩ፣ እታለማሁን አዩ፣ ሚስታቸውን አዩ፣ ከዚያ ምንም ሳይናገሩ ተንበርክከው ይለቅሙ ጀመር። ጋሽ ደምመላሽም ከነሙሉ ልብሳቸው ጎንበስ አሉ፤ ክላይቭ ይቅርታ ይቅርታ እያለ አንዱን ከሶፋው ሥር በእግሩ ያወጣል። «የቤተክርስቲያን ዕቃ ነው ብለኸኝ አልነበረም እንዴ?» አለች ሮማንወርቅ። አቶ ገብረመድኅን የቤተክርስቲያን መሆኑስ የቤተክርስቲያን ነው ብለው አጉተመተሙና ሰዎቹን ወደ ሳሎን አስገቡ። እታለማሁ ግራ ገብቷታል። ጠበሉን ካልጠጣችው ማን አዳናት?

ሳሎኑ ጠባብ ነው፤ ግን አንድ ግድግዳው የባል፣ አንድ ግድግዳው የሚስት ነው። በመስኮቱ በኩል የኪዳነ ምሕረት ሥዕል፣ ከሥሩ የአቶ ገብረመድኅን መነጽርና ዳዊት። በኩሽናው በኩል አንድ የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። በሌላው ቀን ሰው ሲመጣ ይወርድ እንደሆነ እንጃ፣ ዛሬ ግን ጊዜ አልተገኘም። እታለማሁ ሩቅ የማየት ችግር የለባትም፤ ባስ ያለ ዓይን አይነዳም። የቀን መቁጠሪያው ከአንድ የጴንጤዎች የአማርኛ ቸርች የወጣ ነው፤ ሥዕሉ ላይ ነጭና ሐምራዊ የለበሱ መዘምራን አሉ፣ ከፊት መሃል ላይ አፏን ከፍታ እጇን ዘርግታ የምትዘምረው ሮማንወርቅ ናት። በጤናዋ። መጀመሪያ እታለማሁን ቁጣ ወረራት። አራት ዓመት ሙሉ በበረዶ በዝናብ የተሸከመችው ውሃ! ቀጥሎ ትዝ ያላት አቶ ገብረመድኅን ጉባኤው ላይ ተነሥተው ያሉት ነው፤ ቤቱ በሃይማኖት የተከፈለ ሰው ጉባኤ ላይ አይቀመጥ የሚለውን ውሳኔ አጥብቀው የደገፉት እሳቸው ነበሩ፣ እሷም አጨብጭባለች። ቀጥላ ማርጀሪን አሰበች። ያን ጊዜ ሳቅ ከሆዷ ተነሥቶ ጉሮሮዋ ላይ ቆመ፤ ወደ መጋረጃው ዞራ ከንፈሯን ነከሰች።

ተቀመጡ ተባሉ፤ አልተቀመጡም። ጋሽ ደምመላሽ ጉሮሯቸውን ጠርገው እንደ ደንቡ ጀመሩ፤ ከፈጣሪ በታች እናንተን ብለን፣ ደጃችሁን ወድደን፣ ልጃችሁን ለልጃችን ልንለምን መጥተናል አሉ። አቶ ገብረመድኅን የቆጠራውን ነገር አነሡ። ክላይቭ በእታለማሁ ምልክት አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጥቶ፣ በገና ቀን ወንበር ላይ እንደቆመ ልጅ ቀጥ ብሎ ቆጠረ፤ ሳይመን፣ ክላይቭ፣ ሬጅናልድ፣ አልበርት፣ ጆርጅ፣ ዊልያም፣ ሳሙኤል። ከሰባቱ አንዱም ቡልጋን የረገጠ የለም። ከዚያ በላይ ደግሞ ጠበቃና የፓርላማ አባል የነበረ ዌልፎርድ የሚባል ሰው አለ ብላ እታለማሁ ጨመረች። አቶ ገብረመድኅን ጠበቃ የሚለውን ሲሰሙ ፊታቸው ፈካ፤ በየትኛው ችሎት ይቆም እንደነበር ጠየቁ። ለአንድ አፍታ ነገሩ ያለቀ መሰለ። ወዲያው ግን ሰርጉ ታያቸው መሰለኝ፤ ቤተክርስቲያኑ፣ ሕዝቡ፣ እናትየዋ መስቀል ሳትሳለም ስትቆም፣ የሰው ዓይን። ፊታቸው ተመልሶ ጠቆረ።

«ልጁ ጥሩ ነው፣ ዘሩም ጥሩ ነው። ነገር ግን የልጅቱ እናት ታማለች። እናት ታማ ሰርግ አይደገስም። እሷ ሲሻላት ያን ጊዜ ኑ» አሉ።

ሮማንወርቅ ውሃና ብርጭቆ የያዘ ትሪ ተሸክማ በሩ ላይ ነበረች። «ማን ነው የታመመው?» አለች።

አቶ ገብረመድኅን ወለሉን አዩ። ትሪው ላይ ብርጭቆዎቹ ተነካኩ። ባልና ሚስቱ አራት ዓመት ስለዚህ ነገር አንድ ቃል ተነጋግረው አያውቁም፤ እሑድ እሷ በጠዋት ትወጣለች፣ እሳቸው ቀድመዋት ሄደዋል፣ ማታ ስለ ሊፍቱ ያወራሉ። አሁንም ስለ ሊፍቱ ሊያወሩ የሚችሉ ይመስሉ ነበር። ጋሽ ደምመላሽ ዓይናቸው ሩቅ ስለማያይ የቀን መቁጠሪያውን አላዩትም፤ እግዜር ይማራት ብለው ቀጠሮ ሊቀበሉ ወደ በሩ መዞር ጀመሩ። እታለማሁ ሰዎቹ ከዚህ ቤት ቆመው ከወጡ ታች ያለችው ልጅ ቀጥታ ካውንስል እንደምትሄድ ታውቃለች። ለዚህ የሚሆን ደንብ ግን አታውቅም። የምታውቀው ጠዋት የሰማችውን ብቻ ነው።

«ጋሽ ገብረመድኅን፣ የዌልፎርድን ነገር ጀመርኩ እንጂ አልጨረስኩትም። የሚስቱን ልንገርዎት» አለች።

መጋረጃውን እያየች ነገረቻቸው። ስለ ሕጉ፣ ሕጉን ደግፎ ስለተናገረው ባል፣ ብቻውን ስለሚሄድበት እሑድ፣ ስለ ጎረቤቱ ሾርባ። በታመመችበት ዘመን አራት ልጅ ወለደች ስትል ምንም ያልጠረጠሩት ጋሽ ደምመላሽ ጮክ ብለው ሳቁ፤ እንዲህ ያለ በሽታ ለሁላችን ይስጠን አሉ። ሌላ ሰው አልሳቀም። መቁጠሪያዋ በእጅጌዋ ውስጥ እንደተቀረጸች ስትናገር የሮማንወርቅ ዓይን ባሏ ላይ ነበር። አቶ ገብረመድኅን መነጽራቸውን አወለቁ። በችሎት ምስክር እንደሚጠይቁ ሆነው፣ ግን በጣም ቀስ ብለው፣ ጎረቤቶቹ አውቀውበት እንደነበር ጠየቁ። እታለማሁ ለክላይቭ ተረጎመችለት። ክላይቭ ክብደቱን ወደ ደህናው ጉልበቱ አዛውሮ፣ አባቱ ሲናገሩ ሁሉም ሰው ከመጀመሪያው ያውቅ ነበር ይሉ እንደነበር ተናገረ፤ ሾርባውን የሚልኩት ሴትዮዋን ስለሚወዷት ነው አለ።

አቶ ገብረመድኅን መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ። ከዚያ፣ «ሐውልቱ ላይ ፊቷን ወዴት ነው ያዞረችው?» አሉ።

«ወደ እሱ።»

«እሱስ?»

«ወደ እሷ። ይኸው እስከ ዛሬ» አለች እታለማሁ።

እሳቸው ግን እታለማሁን ሳይሆን ጋሽ ደምመላሽን ነው ያዩት፤ የቤተክርስቲያናቸውን ትልቅ ሰው። «ጋሽ ደምመላሽ፣ ሚስቴ አንድ ቀን ታማ አታውቅም። የራሷን ቤተክርስቲያን ነው የምትሄደው። እዚያ ትዘምራለች፤ ጥሩ ድምፅ አላት ይላሉ፣ እኔ ሄጄ አልሰማኋትም። ጉባኤው ጸሐፊነቱን ከፈለገ ይውሰደው» አሉ። ጋሽ ደምመላሽ እጃቸውን ከኪሳቸው አውጥተው መልሰው ከተቱት። በሕይወታቸው ለዚህ የሚሆን የሽምግልና ቃል አልተማሩም። ትሪው ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ሮማንወርቅ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ እታለማሁ ልታለቅስ ነው ብላ ስትጠጋት እየሳቀች ኖሯል፣ ዓይኗ እንባ እስኪሞላ።

«ለመሆኑ ምን ነበረብኝ?» አለች። «በሽታዬን ምን አልካቸው?»

«ምንም አላልኩም። ያው ናት ነው ያልኩት።»

«ያውስ ነኝ» አለች፤ ሳቋም አላቆመም።

አቶ ገብረመድኅንም ሳያስቡት ሳቅ አመለጣቸው፤ ከጠበቃ አፍ የወጣ የማይመስል፣ እንደ ሕፃን ያለ ሳቅ። ያን ጊዜ እታለማሁም ለቀቀችው። ጋሽ ደምመላሽ ወግ ይጠበቅ ሊሉ አፋቸውን ከፍተው እሳቸውም ተያያዙት። ባል ዓይናቸውን በእጃቸው ጠርገው፣ ሚስታቸውን በዓይን ጠየቁ፤ እሷ ራሷን ነቀነቀች። «እንግዲህ ተቀመጡ» አሉ። ከሁሉም ቀድሞ፣ ጋሽ ደምመላሽንም ሳይጠብቅ፣ ሶፋው ላይ ዘፍ ያለው ክላይቭ ነው።

እታለማሁ መስኮቱን ከፍታ ወደ ካፌው እልል ስትል ዝማሬ ከወንበሯ ስትዘል ታየች። የጎረቤቱ ውሻ እንደገና ጮኸ። ከዚያ ቦርሳዋ ውስጥ ያለውን ጠርሙስ አስታወሰች። ለበሽተኛ ብላ ያመጣችው ነው፤ መልሳ ወደ ባተርሲ ልትሸከመው ደግሞ እጇ አልታዘዝ አላት። ዞር ዞር ብላ አየችና ለአቶ ገብረመድኅን ሰጠቻቸው። እሳቸውም እንደ ልማዳቸው በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ጠበል በባዶ ሆድ ነው የሚጠጣው፤ እሳቸው ደግሞ ሽማግሌዎቹን ፈርተው ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሱም። ቀዩን ክር ፈቱት። ሮማንወርቅ ከትሪው ላይ አንድ ብርጭቆ አንሥታ አቀበለቻቸው።